«ወጣቱ ከእኛ ጋር ነው» የሚሉን ስንቱን ወጣት ጠይቀው ነው?

(ይህ ጽሑፍ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለተሰባሰቡ ወጣቶች ደሴ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)



  ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ፕሮፌሰር አይደለሁም። በእጄ ያለው የኮሌጅ ዲፕሎማ ነው። ስታቲስቲክስ የሚባለውንም ትምህርት ሁለት ኮርስ ብቻ ወስጄ አንዱን በጭንቅ ነው ያለፍኩት። እንጀራዬ በየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል እየዞሩ ጽሑፍ መሸጥ ነው።

«ታዲያ ስለ ቁጥር ምን ልትነግረን መጣህ?» ትሉኝ ይሆናል። ስለ ራሴ ስሕተት ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከ2013ቱ ምርጫ በፊት አንድ አዘጋጅ ጠራኝና «የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ማንን ሊመርጥ ነው? አንድ ገጽ አምጣልኝ» አለኝ። ተነሣሁ፤ ደሴ ገባሁ። ሁለት ቀን ፒያሳ ላይ ተመላለስኩ። ጀበና ቡና የሚጠጣውን፣ ፑል የሚጫወተውን፣ ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀውን ሁሉ እያስቆምኩ ጠየቅሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ሞላ። ኮምቦልቻን በሚኒባስ መስኮት አየኋት እንጂ አልወረድኩባትም። አዲስ አበባ ተመልሼ «ወጣቱ ወስኗል!» የሚል ጽሑፍ ጻፍኩ። ርዕሱ ብቻ ግማሽ መስመር ያህል ቃለ አጋኖ ነበረው።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ኮምቦልቻ መጣሁ። ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ እጄ ላይ ያለውን ጋዜጣ አየችና፣

«ጋሼ፣ ይህን የጻፈው ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ትንሽም ኮራሁ።

«እኔም ወጣት ነኝ። በፈረቃዬ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወጣት ናቸው። ማናችንን ጠየቅህ?»

መልስ አልነበረኝም። ፑል ቤት ውስጥ ሴት አልነበረችም። ቀን ፒያሳ የሚቀመጠው ደግሞ ቀን ሥራ የሌለው ነው። የእኔ «ወጣት» ሥራ የሌለው፣ ወንድ፣ የደሴ ልጅ፣ ለማላውቀው ሰው ለመናገር የማይፈራ ሰው ነበር። ሌላውን ሁሉ ሳልጠይቀው ወስኜለት ነበር።

ሰልፍ ናሙና አይደለም

እኔ ብቻ ነኝ እንዳልል የበለጡኝ አሉ። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በሰው ሞላው። ያንን ሰልፍ በዓይኑ የቆጠረ ሰው «አዲስ አበባን ጠቅልለው ወሰዷት» ብሎ ነበር። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ያንኑ አደባባይ ሞላው። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። የአዲስ አበባ 23ቱም የፓርላማ ወንበሮች ለቅንጅት ሆኑ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን ወሰደ። የሚያዝያ 29ኙ ሕዝብ የት ገባ? የትም አልገባም። አደባባይ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ ምልክት ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ይሁንና ተቃዋሚውም ከዚሁ ወጥመድ አላመለጠም። በሚያዝያ 30ው ሰልፍ አገሩን ሁሉ የቆጠረ ነበር። በይፋ የተነገረው አገር አቀፍ ውጤት ግን ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109 ወንበር ሰጠ። ውጤቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩን የሚዳኝ ከማንም ያልወገነ ቁጥር በሕዝብ እጅ ስላልነበረ ነገሩ ወደ ጎዳና ወጣ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በፈሰሰው ደም 193 ሲቪሎች እንደተገደሉ የአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት ተናግረዋል። ከሞቱት ብዙዎቹ የእናንተ እኩዮች ነበሩ። የቁጥር ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የማይመስለኝ ለዚህ ነው።

ፈረንጁም ተሞኝቷል። ጣሊያን ደሴን በያዘበት በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰለት። መጽሔቱም ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ሲል አወጀ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ስቴቶች 46ቱን አሸንፎ ቁጭ አለ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በብዛት ያገኘው ከስልክ ደብተርና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? በዚያ ላይ መልሶ ለመላክ የተነሣው ሆዱ የቆጣው ሰው ነበር። በዚያው ጊዜ ጋሉፕ የሚባል ሰው እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ዕቁብ የሚያውቅ ስታቲስቲክስ ያውቃል

ጋሉፕ ከዚያ በኋላም ተሳስቶ ያውቃል፤ ዘዴው እየጠራ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። የዘዴው መሠረት ግን እናቶቻችን በየሳምንቱ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ዕጣ። ዕቁብ ሲወጣ የሁሉም ስም በወረቀት ተጽፎ ይጠቀለላል፣ ይነቀነቃል፣ አንዱ ይወጣል። ዳኛው የሚወደውን ሰው መርጦ ቢያወጣ ዕቁቡ ይፈርሳል። ናሙናም እንዲሁ ነው። ጠያቂው የወደደውን፣ የቀረበውን፣ የሳቀለትን ሰው ከጠየቀ ናሙናው ፈረሰ።

በትክክል በዕጣ የወጡ 400 ወጣቶችን ብትጠይቁ ውጤታችሁ ከእውነቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በ5 ከመቶ ገደማ ውስጥ ይሆናል፤ ከ100 ጊዜ 95 ጊዜ ያህል። 1,000 ብትጠይቁ ወደ 3 ከመቶ ይጠባል። ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ፤ የከተማው ወጣት መቶ ሺህም ይሁን አንድ ሚሊዮን፣ የሚበቃው ናሙና ያው ነው ማለት ይቻላል። 2 ሚሊዮን ሰው በስሕተት መንገድ ከመጠየቅ 400 ሰው በትክክል መጠየቅ ይሻላል።

«ከቀለለማ ለምን አይደረግም?» ለሚል መልስ አለኝ። ዕጣ ለማውጣት መጀመሪያ ሙሉ ስም ዝርዝር ያስፈልጋል። ስሙ ከባርኔጣው ውስጥ ያልገባ ሰው ዕጣ ሊወጣለት አይችልም። የእኛ ዝርዝር የት አለ?

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ደሴ በዙሪያዋ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ጋር 151,174፣ ኮምቦልቻም እንዲሁ ከገጠሯ ጋር 85,367 ሕዝብ ነበራቸው። የዚያ ቆጠራ ውጤት የአማራ ክልልን ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሷል ተብሎ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታቅዶ ተላለፈ። በ2011ም እንደገና ተላለፈ። እንግዲህ አስቡት፤ ዘንድሮ 18 ዓመት ሞልቶት የመምረጥ መብት ያገኘ ወጣት ያ ቆጠራ ሲካሄድ ወይ በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር፣ ወይ ጭራሽ አልተወለደም!

ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ያልሆነ ነገር የለም። በ2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ከየወረዳው ወጣት መጣ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ከየክልሉ ተማሪ ሰበሰበ። በሌላ በኩል የወሎ ልጅ ወደ ሳዑዲ ይጎርፋል፤ በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል የእኛ ሰፈር ልጆች ነበሩበት። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ እዚህ ደረሰ። በጥቅምት ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ ኅዳር 27 ተለቀቁ። ከሰሜን የተፈናቀለው ደሴ ተጠለለ፤ የደሴው ሰው ደግሞ ወደ ደቡብ ሸሸ። ይህን ሁሉ አሮጌ ዝርዝር ይዘን እንዴት እናገኘዋለን?

መፍትሔ አለ፤ ግን ላብ ይጠይቃል። ቀበሌዎችን በዕጣ ማውጣት፤ በወጣው ቀበሌ ቤት ለቤት ዞሮ በዛሬው ቀን ማን እንዳለ መመዝገብ፤ ከተመዘገበው ቤት በዕጣ መምረጥ፤ ከቤቱም ከ18 እስከ 29 ዓመት ካሉት አንዱን በዕጣ ማውጣት። በር የከፈተውን አይደለም! ዕጣዋ የወጣላት ልጅ ፋብሪካ ከሆነች ማታ ወይም በዕረፍቷ ቀን ተመልሶ መምጣት ነው። «የለችም» ብሎ ወንድሟን መጠየቅ እኔ ፒያሳ የሠራሁት ስሕተት ነው። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያና ሠራተኞች በጋራ የሚከራዩት ቤትም ለብቻቸው ዝርዝር ይሠራላቸዋል፤ ያለዚያ ከባርኔጣው ውጭ ይቀራሉ።

«ከየት ነህ?»

እስካሁን የነገርኳችሁ ቀላሉን ነው። አሁን ከባዱን ልንገራችሁ።

በዚያው በፒያሳ ሁለት ቀኔ አንድ ልጅ ለጥያቄዬ መልስ ከመስጠቱ በፊት፣ «ጋሼ፣ አንተ ከየት ነህ?» አለኝ። «ከጋዜጣ» ስለው ገዢውን ፓርቲ አምርሮ ተቸ። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛው መጣና እኔ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ተቀመጠ። ያንኑ ጥያቄ ስጠይቀው «ያው ለአገር የሚበጀውን ነው፤ መንግሥት ጥሩ እየሠራ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው ልጅ ሳቁን ዋጠ። የማን እውነት ነው የተጻፈው? ሁለቱም የመለሱት ለጥያቄዬ ሳይሆን እኔን ማን ብለው እንደገመቱኝ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ይህን ነገር አፍሮባሮሜትር የሚባለው የጥናት ድርጅት ጠንቅቆ ያውቀዋል። በየአገሩ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ መላሹን «የላከን ማን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ድርጅቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ 2,400 አዋቂ ሰዎችን። ውጤቱ ጉድ አሰኘ። አገራችን ዴሞክራሲያዊት ናት ያለው ሰው ብዛት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሲተያይ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚጠብቅበት ዘመን! ሮበርት ማቴስና ሙሉ ተካ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ርዕስ ላይ ጥያቄውን በግልጽ አነሡት፤ ይህ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው ወይስ የተለየ የዴሞክራሲ አረዳድ? አጥኚ እንዲህ የራሱን ቁጥር ሲጠራጠር እኔ በግሌ አከብረዋለሁ።

ሕገ መንግሥቱ ድምፅ በምሥጢር ይሰጣል ይላል። ታዲያ ምሥጢሩን ሳንሰብር ምሥጢሩን እንዴት እንቁጠር? ለዚህ ስታንሊ ዋርነር የተባለ ሰው በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ ዘዴ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በብዙ መልክ ተሠርቶበታል። በጣም የገባኝን መልክ በሣንቲም ላሳያችሁ።

አባቶቻችን ሣንቲም ወርውረው «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ይሉ ነበር። የአንበሳውን በኩል ጎፈር እንበለው። ጠያቂው «ባለፈው ምርጫ ተቃዋሚ መርጠሃል?» ሲል መላሹ ጀርባውን አዙሮ ሣንቲሙን ይወረውራል፤ ለማንም አያሳይም። ጎፈር ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን «አዎ» ይላል። ሌላው ገጽ ከወጣ ግን እውነቱን ይናገራል። እንግዲህ አንድ ልጅ «አዎ» አለ ማለት ተቃዋሚ መረጠ ማለት አይደለም፤ ሣንቲሙ አስብሎት ይሆናል። ጠያቂው አያውቅም። ካድሬ መጥቶ ወረቀቱን ቢነጥቀውም አያውቅም። የደኅንነት ሰውም አያውቅም። ምሥጢሩ ልጁ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ሒሳቡ ግን ይሠራል። ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው የምናገረው፤ የየትም ከተማ ውጤት አይደለም። 400 ወጣት ተጠየቀ እንበል። ከነዚህ 200 ያህሉ ጎፈር ወጥቶላቸው በግድ «አዎ» ይላሉ። በጠቅላላው 260 «አዎ» ከተገኘ፣ 60ው ከቀሩት 200 እውነት ተናጋሪዎች የመጣ ነው። 60 ከ200፣ 30 ከመቶ። አያችሁ? ማን እንደሆነ ሳናውቅ ስንት እንደሆነ አወቅን።

ይህ ነገር በነጻ አይገኝም። ግማሹን መልስ ለሣንቲም ስለሰጠነው የስሕተቱ ወሰን ከ5 ወደ 9 ከመቶ ገደማ ይሰፋል። ወደ 5 ለመመለስ ወደ 1,400 ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ መላሹ ዘዴውን ካላመነው ጎፈር ወጥቶለትም «አይደለም» ይላል፤ ያን ጊዜ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ጠያቂው የቀበሌ ሠራተኛ መሆን የለበትም። ሊቀ መንበሩ አስተዋውቆት መግባትም የለበትም። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር ከመልሱ ጋር በአንድ ወረቀት መስፈር የለበትም። ሰላም በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ጥናቱ ይቅር። ለአንድ ሠንጠረዥ ብሎ የሰውን ልጅ አደጋ ላይ መጣል ነውር ነው።

ከጣቢያው ደጃፍ ላይ ያለው ወረቀት

አንዳንዱ «ይህ ሁሉ ለምን? የየምርጫ ጣቢያው ውጤት ደጃፉ ላይ ይለጠፋል፤ ወጣት የበዛበትን ጣቢያ አይቶ መፍረድ ነው» ይላል። ቆይ፣ ቆይ! ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1950 እ.ኤ.አ. ይህን አስተሳሰብ ገልብጦ አሳይቷል። በአሜሪካ መጤ የበዛባቸው ስቴቶች ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይበዛባቸው ነበር። መጤው ራሱ ግን በአማካይ ከተወላጁ ያነሰ ነበር የሚያነበው። መጤው የተማረ ሰው ወዳለበት ስቴት ስለሄደ ብቻ ነው ቁጥሩ እንዲያ የመጣው። የእኛም እንዲሁ ነው። ተማሪ ከበዛበት ሰፈር ያለ ጣቢያ ለእገሌ ፓርቲ ድምፅ ሰጠ ማለት ተማሪው ሰጠ ማለት አይደለም። ምናልባት የሰጡት ለተማሪው ቤት የሚያከራዩት እማማ ናቸው።

ያ ወረቀት ግን ይጠቅማል፤ ከሚጠበቀው ውጤት ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማል። ስለዚህ የየጣቢያው ውጤት ደጃፍ ላይ ዝናብ እስኪያጥበው ከመጠበቅ ተሰብስቦ በሙሉ ይታተም ብለን ምርጫ ቦርድን መጠየቅ መብታችን ነው። ስንት ወጣት ተመዝግቦ ስንቱ እንደመረጠም በዕድሜ ተደምሮ፣ ስም ሳይኖርበት ይውጣ። ይህን ለማወቅ ማንንም ምሥጢሩን መጠየቅ አያስፈልግም።

ዝምታን የቆጠረ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ 2007ን አስታውሱ። በግንቦት ወር በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የ547ቱንም ወንበሮች ባለቤት ሆኑ። በቁጥር ከሄድን በዚህ አገር የተከፋ ወጣት አንድም አልነበረም! ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ የኦሮሚያ ወጣት አደባባይ ወጣ። በሐምሌ ጎንደር ቀጠለ። በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ያ ቁጥር ለገዢው ራሱም አልጠቀመውም። ሰውየው ትኩሳቱን የሚለካበትን ቴርሞሜትር ሰብሮ «ጤነኛ ነኝ» ሲል እንደመዋል ነው። በመካከሉ ስንት ልጅ ሞተ፣ ስንት ልጅ ታሰረ!

ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ወጣቱ ከእኛ ጋር ነው» ሲላችሁ፣ ገዢም ይሁን ተቃዋሚ፣ ካድሬም ይሁን እንደ እኔ ያለ ጋዜጠኛ፣ በትሕትና ጠይቁት። ስንቱን ጠየቅህ? እንዴት መረጥካቸው? ማን ልኮህ ነው የመሰላቸው? የሴቶቹን ቤት ስንት ጊዜ ተመላልሰህ አንኳኳህ? ያልመለሱልህ ስንት ናቸው? መልስ ካለው ስሙት። ከሌለው ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት፤ የወሎ ወግ ነውና ሰው አይባረርም።

ተቃዋሚ ፓርቲዎችንም ከዚሁ ላይ ልናገራቸው። የመንግሥትን ቁጥር «ውሸት» እያላችሁ የራሳችሁን በግምት የምትናገሩ ከሆነ ከእነሱ በምን ተለያችሁ? ገንዘባችሁን ሁሉ ለባነርና ለድምፅ ማጉያ ከምታወጡ ጥቂቱን የተማረ ልጅ ቀጥራችሁ በወጉ ለማስጠየቅ አውሉት። የማትወዱት መልስ ይመጣ ይሆናል። ይምጣ።

ስለዚያች የኮምቦልቻ ልጅ ልጨርስ። ሚኒባሱ መጥቶ ልትሳፈር ስትል «ታዲያ አንቺ ማንን ልትመርጪ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። በሩ ላይ ቆማ ሳቀች፤

«አሁን ገና ጠየቅኸኝ? ሰው በሞላበት?» አለችና ገባች።

ልክ ነበረች። ጥያቄውን በተገቢው ቦታ፣ በተገቢው መንገድ አልጠየቅኋትም፤ ስለዚህ መልሱን አላውቅም። ጽሑፌ ላይ ግን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ለእሷና በፈረቃዋ ላሉት ሁሉ ዛሬ በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።